«ትንሽ አሞኝ በተኛሁ»

ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አራት አልጋ የተደረደረበት ክፍል። ውጭ ዝናቡ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ስባ ተጋድማለች። ግራ እጇ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ከራስጌዋ የተሰቀለው ግሉኮስ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ስልኳ ትራሱ ሥር ነው፤ ድምፁን አጥፍታዋለች።

ነርሷ ገብታ የግሉኮሱን ፍጥነት ልታስተካክል እጇን ስትዘረጋ ሴትዮዋ ዐይኗን ገለጥ አደረገች።

«አታፍጥኚው እባክሽ፤ ቀስ እያለ ይውረድ።»

ነርሷ ሳቀች። «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው» አለች፣ ወደ በሩ እየሄደች።

የሴትዮዋ ሕመም የውሸት አይደለም። ጨጓራዋ ሦስት ሌሊት አላስተኛትም፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደረጃ ስትወጣ አዙሯት የእጅ መደገፊያውን ይዛ ቆማለች። ነገር ግን ሰኞ ዕለት፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሰነድ ጠረጴዛዋ ላይ ተከምሮ ሳለ፣ ለባልደረባዋ የተናገረችው ነገር አለ። «ምነው ትንሽ አሞኝ በተኛሁ!» ባልደረባዋ «ተይ፣ በራስሽ ላይ አታሟርቺ» ብላ ተቆጣቻት። ከዚያ ሁለቱም ሳቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ልክ ያለው ምኞት

ይህ ቀልድ በየቢሮው ሻይ ክበብ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በሌሊት ተረኞች ክፍል ይሰማል። የፈተና ወረቀት ክምር ፊት የተቀመጠ መምህር «ዘንድሮ ጉንፋን እንኳ ረሳኝ» ይላል። ከሌሊት ዲዩቲ የወጣ ወጣት ሐኪም በሽተኞቹን አስረክቦ ሲያበቃ «ለእኔም አንድ አልጋ ያዙልኝ» ይላል። አንዲት የሦስት ልጆች እናት ደግሞ ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ሕክምና ያወጡላት ሰሞን የተኛችውን እንቅልፍ ዛሬም እንደ ሠርግ ታስታውሰዋለች። «ማንም አልቀሰቀሰኝም» ትላለች። ሰሚዎቿ ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች።

ልብ ብሎ ላዳመጠው ቀልዱ ልክና መጠን ያለው ምኞት ነው። ማንም ከባድ በሽታ አይመኝም። የሚፈለገው ቀለል ያለ፣ ብዙ የማያሠቃይ፣ ከሦስት ቀን የማያልፍ፣ ግን በወረቀት ሊመሰከር የሚችል ሕመም ነው። ጉንፋን ለዚህ አይበቃም፤ በጉንፋን ሥራ ይገባል። ምችም አይሆንም፤ ዳማከሴ አሽተው፣ በቡና ጠጥተው በማግሥቱ ይነሡበታል። «ታይፎይድ ነው» ሲባል ግን አለቃም ዝም ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ለሚገናኝ፣ «ደህና ሁን» ብሎ ለሚለያይ ሕዝብ ሕመምን መመኘት ቀላል ድፍረት አይደለም። አፍ የተናገረው ይደርሳል የሚለው ፍርሃት ዛሬም ስላለ ትልልቅ ሰዎች ይህን ቀልድ ሲሰሙ ይቆጣሉ። ሟርት የሚፈራ ሰው ሟርቱን ደፍሮ ከተናገረ ታዲያ ድካሙ ከፍርሃቱ በልጧል ማለት ነው።

> «አመመኝ» ላለ ሰው «እግዜር ይማርህ» ይባላል። «ደከመኝ» ላለ ሰው መልሱ «ማን ያልደከመው አለ?» ነው።

ማረፍ የሚለው ቃል

አማርኛ ለዕረፍትና ለሞት አንድ ግስ ሰጥቷል። ከሥራ የገባ ሰው ያርፋል፤ በክብር የተሰናበተ ሰውም «ዐረፈ» ይባላል። «ዜና ዕረፍት» የሚል ርዕስ ያየ አንባቢ ከሥሩ ምን ዓይነት ፎቶግራፍ እንደሚከተል ያውቃል። «እማዬ፣ መቼ ነው የምታርፊው?» ተብላ የተጠየቀች እናት ምንም ሳትናገር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በአገጯ ብትጠቁም ልጆቿ ይገባቸዋል።

ሌላም አለ። «አመመኝ» እና «ደከመኝ» በአሠራራቸው አንድ ናቸው። በሁለቱም ሰውዬው አድራጊ አይደለም፤ ነገሩ መጥቶበት ነው። እንደ ሰዋስው ቢሆን ሁለቱም እኩል ከወቀሳ ነጻ ያወጡ ነበር። ኑሮው ግን አንዱን ብቻ ይቀበላል። ለጡረተኛ ሽኝት ሲደረግ፣ በለቅሶ ቤት የሕይወት ታሪክ ሲነበብ፣ ከምስጋናዎች ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው «ደከመኝ ሰለቸኝ ሳይል» የሚለው ሐረግ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ድካሙን አለመናገሩ በመቃብሩ ላይ ይመሰገንለታል። በአንጻሩ ሥራ ያልያዘ እጅ «ሥራ ፈት» ይባላል፤ ይህም ስድብ ነው።

በእነዚህ ቃላት መካከል ያደገ ሠራተኛ «ዛሬ ደክሞኛል፣ አልመጣም» ብሎ ስልክ ለመደወል አፉ አይታዘዝለትም። «አሞኛል» ለማለት ግን ይታዘዝለታል።

«ዛሬ ሚካኤል ነው»

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በክርስቲያኑ ገጠር ዕረፍትን የሚሰጠው አለቃ ወይም ሐኪም ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። በእነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም፤ እንጨት አይፈለጥም፤ እህል አይፈጭም። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩበት ወሩ በዕረፍት የተሰፋ ነው። በሙስሊም ገበሬዎች ዘንድም ዓርብ እርሻ የማይወጣባቸው አካባቢዎች አሉ።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ነገር ማስረጃ አለመጠየቁ ነው። «ዛሬ ሚካኤል ነው» ያለ ገበሬ ምን እንደሚያመው አይጠየቅም። እንዲያውም የሚጠየቀው ሥራ የወጣው ነው። በበዓል ያረሰ ሰው በረዶ ይጠራል፤ በረዶው ደግሞ የእሱን ማሳ ለይቶ አይመታም ይባላልና ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል። ዕረፍት የግል ምርጫ ሳይሆን የአገር ግዴታ ነበር።

በዓላቱ በዝተዋል፣ ምርት ጎድተዋል የሚሉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። በመኸር ሰሞን አንድ ቀን ብዙ ዋጋ አለው። በዚያ ላይ በዓሉ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ወንዱ ሞፈሩን ሰቅሎ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ሴቲቱ ዝክሩን ታዘጋጃለች፤ ጠላው የሚቀዳው፣ ወጡ የሚወጣው በእሷ እጅ ነው። ሆኖም ከተማው ይህን የቀን መቁጠሪያ ሲተው በምትኩ ያመጣው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ ከዕረፍት ጋር የተያያዘ ልደት አላት። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን መኳንንቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውኃ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደው ቤት አሠሩበት፤ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. በዚያው ተቆረቆረች። ዛሬ ፍል ውኃ ወረፋ የያዘ ሰው ለምን እንደመጣ ቢጠየቅ ግን ወገቡን፣ ቁርጥማቱን፣ ጉልበቱን ይጠራል። ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ደስ ስለሚለው ብቻ እንደመጣ የሚናገር እምብዛም አይገኝም።

ወረቀቱ

በከተማ የቀን መቁጠሪያውን ቦታ የወሰደው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ሲክ ሊቭ» ይሉታል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሠራተኛው ከሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በዚያው አዋጅ የዓመት ፈቃድም አለ፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን እየታከለ። ይህን መብት በውል መተው አይቻልም፤ ሥራ ላይ እያሉ በገንዘብ መለወጥም የተከለከለ ነው። ፈቃዱ ሊራዘም ቢችልም ከ2 ዓመት በላይ አይዘልም።

ሕጉ ሕመምንና ዕረፍትን ለይቶ ማስቀመጡ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በዓመት ፈቃዱ ላይ እያለ የታመመ ሠራተኛን የሚመለከቱት የሕመም ፈቃድ ድንጋጌዎች ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ በሕጉ ዐይን ታሞ የተኛ ሰው አላረፈም።

ሥራው ቦታ ላይ ግን ሁለቱ ይደባለቃሉ። በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ረጅም ጊዜ የሠሩ ሴት ነገሩን በምሳሌ ያስረዳሉ። አንዲት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዷን ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ሥራ በዝቷል፣ ቆይ» ተባለች። በአራተኛው ጊዜ ጥያቄ አላቀረበችም፤ ከክሊኒክ ወረቀት ይዛ መጣች። «አለቃዋ ውሸቷን ነው አለኝ። እኔ ግን ፋይሏን ሳየው ውሸቱን ማን እንዳስተማራት ገባኝ» ይላሉ።

ሐኪሞቹ ደግሞ በሌላ በኩል ያዩታል። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ለመታከም የመጣውንና ለወረቀት የመጣውን ሰው ከአነጋገሩ እንደሚለዩት ይናገራሉ። የመጀመሪያው ስለ ሕመሙ ያወራል፤ ሁለተኛው ስለ ቀናቱ። «ግን ለወረቀት የመጣውንም ስመረምረው ብዙ ጊዜ ባዶ አላገኘውም» ይላሉ። «ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ እንቅልፍ የለውም፤ ልቡ ይመታል። 'ድካም' ብዬ ብጽፍለት መሥሪያ ቤቱ አይቀበለውም። ስለዚህ 'የጨጓራ ሕመም' ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱም አለበት።»

ይህ ነገር ቀደም ብሎ የተጠና ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ታልኮት ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ሕመም የሰውነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰብ የሚሰጠው ቦታም መሆኑን አስረድቷል። ታማሚ ከዘወትር ግዴታው ይፈታል፤ በመታመሙም አይወቀስም። በምትኩ ለመዳን መፈለግና ሐኪም ዘንድ መሄድ ይጠበቅበታል። «ትንሽ አሞኝ በተኛሁ» የሚል ሰው የሚመኘው ይህን ቦታ ነው። ሕመሙ የመግቢያ ዋጋው ነው።

አራስ ቤት

ደመወዝተኛው ቢያንስ ወረቀት የሚያቀርብለት አለቃ አለው። የቤት እመቤት ሲክ ሊቭ ለማን ታስገባለች?

በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ለሴት ልጅ የተፈቀደ አንድ ሙሉ ዕረፍት አለ። እሱም አራስነት ነው። በኦርቶዶክሳዊው ቤት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናቲቱ ትጠበቃለች፤ በሙስሊሙም ቤት 40 ቀን ይታወቃል። እናቷ ወይም እህቷ ከገጠር ትመጣለች። ገንፎው ተገንፍቶ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ይፈስለታል፤ አጥሚቱ በትልቅ ኩባያ ይመጣል፤ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። አራስ ውኃ አትቀዳም፤ እሳት አትነካም። ብርድ እንዳይመታት መስኮት ይዘጋል፤ ጆሮዋ ይሸፈናል።

አምስት ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ መጀመሪያ ልጆቻቸውን በስም ይቆጥራሉ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ይደምራሉ፤ ለእያንዳንዱ ምን ያህል እንደተኙ። «አምስት ጊዜ ዐርፌአለሁ» ይላሉ በመጨረሻ። በሃምሳ ዓመት ትዳር ውስጥ መሆኑ ነው። አምስቱም ዕረፍት በምጥ የተገኘ ነው።

ከአራስ ቤት ከወጡ በኋላ ያለው ሕመም እንኳ ለእናት ሙሉ ዕረፍት አይሰጥም። ጠያቂ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሲመጣ «ቡና ሳይጠጡማ አይሄዱም» ብላ ከአልጋዋ ትነሣለች። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ለተቀመጡት ዕረፍት ነው፤ ከረከቦቱ ኋላ ላለችው ግን ሥራ ነው። የታመመች ሴት ለጠያቂዎቿ ቡና ስታፈላ ማየት በየሰፈሩ የተለመደ ስለሆነ ማንም አይደነቅበትም። ሊደነቅበት ይገባ ነበር።

> «አምስት ጊዜ ዐርፌአለሁ።» አምስቱም በምጥ የተገኘ ነው።

ለደመወዝተኛ እናት አዋጁ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፤ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ። ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራው ልጅ ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም፤ የእሷ ሁኔታ በሌላ ደንብ እንደሚወሰን ተጽፎ ታልፏል። ስለዚህ እመቤቷ ወልዳ ስትተኛ ገንፎውን የምታገነፋው ልጅ ራሷ ቢያማት ዕጣዋ በአሠሪዎቿ ልብ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ታሞ የተኛ ሰው አላረፈም

አሁን ወደ ቀልዱ ስሕተት። ሕመም ዕረፍት ይሰጣል የሚለው ሐሳብ ራሱ ትክክል አይደለም።

ሰው ሲታመም የሚሰማው መዛል፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከሰው መሸሽ የበሽታው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚያዝዘው ነው። የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ እነዚህ አንጎል ደርሰው «ተኛ» ይሉታል። አሜሪካዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ቤንጃሚን ሃርት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጽሑፍ የታመመ እንስሳ ጥግ ይዞ መተኛቱ ድክመት ሳይሆን የተሰናዳ ስልት መሆኑን አሳይቷል። ትኩሳት ጀርምን ይዋጋል፤ ግን ጉልበት ይበላል። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ሲል የሚቃጠለው ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ስለዚህ አልጋ ላይ ያለው ታማሚ ሥራ ላይ ነው። የተኛው ሰውነቱ ያለውን ጉልበት ሁሉ ወደ አንድ ግንባር ስላዘመተ ነው። ከጉንፋን የተነሣ ሰው «ሦስት ቀን ተኝቼ እንዴት የበለጠ ደከመኝ?» ሲል መልሱ ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ብዛት መዛልን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲያብራራ በሽታ አላለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ መፍትሔው ከመድኃኒት ቤት ይልቅ ከሥራው ቦታ እንዲፈለግ ያደርጋልና። ይኸው ድርጅት ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አመልክቷል። «ትንሽ አሞኝ» ያለ ሰው ትንሹን ሲጠብቅ ትልቁ ሊመጣበት ይችላል።

ባሕር ማዶ

ቀልዱ ከአገር ሲወጣ መልኩን ይለውጣል። ዋሽንግተንና አካባቢው ታክሲ የሚነዳ ወይም መኪና ማቆሚያ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ቶሎ የሚማረው ነገር ያልሠራበት ቀን እንደማይከፈለው ነው። በአሜሪካ የግል ቀጣሪዎችን ሁሉ ደመወዝ ያለው የሕመም ፈቃድ እንዲሰጡ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል፤ በራሱ መኪና በራሱ ሒሳብ ለሚሠራው ግን ብዙም አይደርሰውም። እዚያ «ታምሜ በተኛሁ» የሚል ሹፌር «ማን ይከፍለኛል?» ብሎ ራሱ ይመልሳል።

በዓረብ አገር ቤት ውስጥ ለምትሠራው እህት ቀልዱ ጨርሶ ቀልድ አይደለም። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ካታር በ2017 ለቤት ሠራተኞች ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን የሚሰጡ ሕጎች አውጥተዋል። ሊባኖስ ውስጥ ግን የአገሪቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ሕግ ባለበትም ቢሆን በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በቤቱ ባለቤት እጅ ነው። ከዚያ የተመለሱ ሴቶች ሲያወሩ ሕመማቸውን ይደብቁ እንደነበር ይናገራሉ፤ ታመሙ ተብለው ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ይፈሩ ነበርና። አገር ቤት ያለው ሰው ለማረፍ የታመመ ይመስላል፤ እነሱ እየታመሙ ጤነኛ ይመስሉ ነበር።

ከረጢቱ ሲያልቅ

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ግሉኮሱ አለቀ። ነርሷ መርፌውን ነቅላ ጥጥ ጫነችበትና በፕላስተር አሰረችው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ብላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች፤ ከዚያ ስልኳን አወጣች። ያልመለሰችው አሥራ አንድ ጥሪ ነበር። ሐኪሙ የሦስት ቀን ዕረፍት ጽፎላታል።

የሚያስገርመው ቀጥሎ የተናገረችው ነው። ለነርሷ እንደነገረቻት፣ ያልወሰደችው የሁለት ዓመት የዓመት ፈቃድ አላት። ጠይቃ አታውቅም። «ሰው ምን ይለኛል? ደህና ነኝ እኮ» አለች።

እንደ እሷ ያለ አንባቢ ብዙ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ ሲገባ የፈቃድ መርሐ ግብር በየክፍሉ ይወጣል። ቀልዱን የቀለደ ሁሉ በዚያ ሰሞን የፈቃድ ቅጹን ይሙላ። አለቃ የሆነም ቢሆን «ደክሞኛል» ብሎ የመጣውን ሠራተኛ ምን እንደሚያመው ሳይጠይቅ ይፈርምለት። ቅጹ ላይ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ የሚጀመርበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለ። ስለ ሕመም የሚጠይቅ ቦታ የለውም።